ቴሌግራም ይሠራል፣ ኢሜይል ግን እምቢ አለኝ። ድሬ ላይ ይሄ ያጋጠመው አለ?

የቀፊራዋ · ማክሰኞ ጠዋት 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ድሬ፣ አንድ ትንሽ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ ነው። በጅቡቲ በኩል ለሚገባ ዕቃ ሰነድ እንጨርሳለን። ቢል ኦፍ ሌዲንጉም፣ ኢንቮይሱም፣ ፓኪንግ ሊስቱም የሚመጣልን በኢሜይል ነው። ከቢሮ ስወጣ በስልኬ ነው የምከታተለው።

ከትናንት ጀምሮ ስልኬ ላይ አንድም ኢሜይል አይገባም። ሁለት አካውንት አለኝ። አንዱ የግሌ ጂሜይል ነው፣ ሌላው በድርጅቱ ስም የተከፈተ። ጂሜይሉ መገናኘት አልተቻለም ይለኛል። የቢሮው ደግሞ ስለ ሰርተፊኬት የሆነ ነገር ጽፎ "ልቀጥል ወይስ ልተው?" ብሎ ይጠይቃል። ቴሌግራም ግን ምንም አልሆነም። ዳታ አለኝ፣ በዋይፋይም ሞክሬያለሁ። ስልኩ ቴክኖ ነው።

አንዱ ባልደረባዬ "አካውንቱን አጥፍተሽ እንደገና አስገቢው" አለኝ። ሌላው ፎርማት አድርጊው ይላል። ሳልነካው በፊት የሚያውቅ ሰው ልጠይቅ ብዬ ነው። ዕቃ ወደብ ላይ ሲያድር ዲመሬጁ በዶላር ነው የሚቆጥረው፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

ነምበር ዋን · 3፡24

አቦ ጥቅልሽን እዪው መጀመሪያ። ለሶሻል ሚዲያ ብቻ የሚሆን ጥቅል ከሆነ የገዛሽው ቴሌግራም ይሠራል፣ ሌላው ይቆማል። እኔን አጋጥሞኛል።

የቀፊራዋ · 3፡31

አይ፣ መደበኛ ዳታ ነው። የቢሮውም ዋይፋይ ላይ ያው ነው። ለማንኛውም አመሰግናለሁ ወንድሜ።

ሳቢያን ጥገና · 3፡52

እህቴ፣ አካውንቱን እንዳታጠፊ! ፎርማቱንማ ጭራሽ አታስቢው። ብዙ ሰው እዚህ ሱቅ የሚመጣው አጥፍቶ ከጨረሰ በኋላ ነው። ያኔ እኛም የምናደርገው ያጣናል። አካውንት ሲጠፋ ሰርቨር ላይ፣ ማለትም ኢሜይሉን የሚያስቀምጠው ድርጅት ኮምፒውተር ላይ፣ ያለው አይነካም። ስልኩ ላይ ብቻ የነበረው ግን አብሮ ይሄዳል፤ ያልተላከ ድራፍት፣ አውትቦክስ ላይ የተንጠለጠለ መልእክት፣ እንደ አካውንቱ ዓይነት ሌላም ሊኖር ይችላል።

መጀመሪያ መለየት ያለበት ችግሩ ከየት በኩል እንደሆነ ነው። ከአካውንቱ ነው ወይስ ከስልኩ? የቢሮ ኮምፒውተር ላይ በብሮውዘር ጂሜይልሽን ክፈቺ። እዚያ አዲስ መልእክት ካለ አካውንቱ ጤነኛ ነው፣ የታመመው ስልኩ ነው። እዚያም ከሌለ ስልኩን ለቀቅ አድርጊው፤ ምንም ብትነካኪው ለውጥ የለም።

ሁለተኛ፣ ሁለት የተለያዩ አካውንቶች በአንድ ቀን አብረው መቆማቸው ራሱ ይናገራል። ፓስወርድ ቢሆን አንዱ ብቻ ነበር የሚቆመው። ሰርቨር ቢሆንም እንደዚያው። ሁለቱን አንድ የሚያደርጋቸው ያንቺ ስልክ ነው።

አሁን እነዚህን መልሺልኝ። ክሮም ላይ አንድ ዌብሳይት ስትከፍቺ ስለ ሰዓት የሚያወራ ማስጠንቀቂያ ይመጣል? ዋትሳፕስ? ስልኩ ሰሞኑን ጥገና ገብቶ ነበር? ቪፒኤን ከፍተሻል? ስልኩ ላይ ያለው ቀንና ዓመትስ ስንት ይላል?

የቀፊራዋ · 4፡15

ኮምፒውተር ላይ ጂሜይሉ ገብቷል፣ ሁሉም መልእክት አለ። ቪፒኤን የለኝም። ክሮም "ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል" የሚል ነገር አመጣ። ዋትሳፕም የስልክሽ ቀን ትክክል አይደለም ብሎ አልከፍትም አለኝ፤ እሱን ብዙ ስለማልጠቀምበት አላየሁትም ነበር። ቅዳሜ ባትሪ አስቀይሬያለሁ። ስልኩ ላይ ቀኑ ትክክል ነው፣ ዓመቱም 2018 ይላል።

ሳቢያን ጥገና · 4፡22

አገኘነው። 2018 የእኛ ነው። ስልኩ የሚያውቀው የፈረንጁን ነው፣ በእነሱ 2026 ነው። ባትሪው ሲወጣ ቀኑ ጠፍቶ የቀየረልሽ ልጅ በእጁ በእኛ አቆጣጠር ሞልቶልሻል። አሁን ስልክሽ ከስምንት ዓመት በፊት ነው ያለው።

ሴቲንግ ውስጥ ሲስተም፣ ከዚያ ዴት ኤንድ ታይም ግቢ። አውቶማቲክ የሚለውን ክፈቺው። ዓመቱ 2026 ሲሆን ስልኩን አንዴ አጥፍተሽ አብሪው። ሌላ ምንም አትንኪ።

ምክንያቱን ላስረዳ፣ ሌላም ሰው ይጠቀምበታልና። ስልክሽ ከኢሜይል ሰርቨር ጋር ሲገናኝ መጀመሪያ የሰርቨሩን ሰርተፊኬት፣ ማለትም መታወቂያውን፣ ያያል። ሰርተፊኬቱ ላይ "ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሠራል" የሚል ተጽፏል። ዕድሜው አጭር ነው፣ ብዙ ድርጅት የሚጠቀምበት የሌትስ ኢንክሪፕት ሰርተፊኬት 90 ቀን ብቻ ነው። ስልኩ 2018 ላይ ሆኖ በ2026 የተሰጠ ሰርተፊኬት ሲያይ "ይሄ ገና አልተሰጠም" ብሎ በሩን ይዘጋል። ስልኩ ሥራውን ነው የሠራው። ቴሌግራም ግን የራሱ የግንኙነት ስልት አለው። ሰዓቱን ከራሱ ሰርቨር ጋር ያስተካክላል፣ ለዚህ ነው ምንም ያልሆነው።

ሰርተፊኬት ላይ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ግን ማናችሁም ዝም ብላችሁ "ቀጥል" አትበሉ። ቀኑ ልክ ሆኖ እያለ ማስጠንቀቂያው ከመጣ፣ በተለይ የሆቴል ወይም የካፌ ዋይፋይ ላይ ሆናችሁ ከሆነ፣ መሃል የገባ ሰው ሊኖር ይችላል። ፓስወርዳችሁ በዚያ በኩል ነው የሚያልፈው።

ባቡር ጣቢያ · 4፡50

ጤና ይስጥልኝ ልጆች። እኔ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነኝ። ውይይታችሁን ሳነብ የኔም ነገር ከዚህ ጋር የተያያዘ መሰለኝ። ልጄ ከካናዳ ሆኖ ኢሜይሌ ላይ በየ30 ሴኮንዱ ቁጥር የሚቀያይር የኮድ አፕሊኬሽን አስገብቶልኛል። ቁጥሩን ሳስገባ ግን ሁልጊዜ "ልክ አይደለም" ይለኛል። ዓመቱ በፈረንጅ ልክ ነው። ሰዓቱን ግን በእኛ አቆጣጠር አድርጌዋለሁ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ስልኬም 2 ይላል። ስምንት እያለ ሲነግረኝ ግራ ይገባኛል፣ ዕድሜ ልኬን በዚህ ነው የኖርኩት። ችግሩ ይሄ ይሆን?

የጁገል ልጅ · 5፡08

ጋሼ፣ ልክ ነዎት፣ ችግሩ እሱ ነው። ያ ኮድ የሚወጣው ከሰዓት ነው። ስልክዎና ሰርቨሩ በአንድ ሰዓት ካልተስማሙ ቁጥሩ አይገጥምም። እርስዎ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው ያሉት።

ሰዓትዎን ግን መተው የለብዎትም፣ መላ አለው። ዴት ኤንድ ታይም ውስጥ ሰዓቱን አውቶማቲክ ያድርጉት። ታይም ዞን የሚለውን ብቻ አውቶማቲኩን አጥፍተው በእጅ ይምረጡ። እኛ ጂኤምቲ ሲደመር 3 ነን። ከዚያ ላይ ስድስት ሲቀነስ ጂኤምቲ ሲቀነስ 3 ይሆናል። የከተማ ስም ከጠየቀዎት ቦነስ አይረስን ይምረጡ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስልክዎ 2 ይላል። ውስጡ ያለው ትክክለኛ ሰዓት ግን አይዛባም፣ ስለዚህ ኮዱም ይሠራል፣ ኢሜይሉም።

እንዲያውም በዚህ አቀማመጥ ቀኑ በሙሉ ኤኤም፣ ሌሊቱ በሙሉ ፒኤም ይሆንልዎታል። ቀኑም የሚቀየረው እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ነው። እናቴ ስልክ ላይ እንዲህ ነው ያደረግሁት።

ባቡር ጣቢያ · 5፡40

ሠራ! ኮዱን ተቀበለኝ። ልጄ፣ እግዚአብሔር ያክብርህ። እኔ ሰዓት ማክበር የተማርኩት ባቡር ላይ ነው፣ የስልኬ ሰዓት ትክክል አለመሆኑ ይከነክነኝ ነበር።

የቀፊራዋ · 5፡55

እኔም መጣሁ። ዓመቱ 2026 ሲሆን ጂሜይሉ ወዲያው ገባ። የቢሮውም ማስጠንቀቂያው ጠፋ። ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ።

አንድ ነገር ግን ቀረኝ። የቢሮው ኢንቦክስ ስልኬ ላይ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረው። ዛሬ ጠዋት የገባ አንድ ሁለት መልእክት ብቻ ነው የማየው። የትናንቱ ቢል ኦፍ ሌዲንግ የለም። ቢሮ ያለው ኮምፒውተር ላይ ግን አለ። ይሄ ዛሬ የመጣ አይደለም፣ አሁን ሳስተውል ድሮም እንዲህ ነበር። የምቸኩልበትን ሰነድ ስልኬ ላይ ፈልጌ የማጣበት ጊዜ ብዙ ነው።

አወያይ · 6፡02

"ፓስወርድሽን በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ ከርቀት አስተካክልልሻለሁ" የሚል መልስ ነበር፣ አንስቼዋለሁ። አባሉም ታግዷል። እዚህ መድረክ ላይ ኢሜይል ለማስተካከል ፓስወርድም ሆነ በኤስኤምኤስ የመጣ ኮድ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠማችሁ አትስጡ፣ ለኛ አሳውቁን።

የጁገል ልጅ · 9፡15

እህት፣ ዘግይቼ መለስኩ፣ ከሥራ አሁን ነው የወጣሁት። ያንቺ ሁለተኛው ችግር ከመጀመሪያው ይከፋል። ቢሮ ያለው ኮምፒውተር ላይ፣ አውትሉክ የሚባለው የኢሜይል ፕሮግራም ውስጥ፣ አካውንቱ የገባው በፖፕ ነው ብዬ እወራረዳለሁ።

ኢሜይል ከሰርቨር የሚወሰድባቸው ሁለት መንገዶች አሉ፣ ፖፕ እና አይማፕ። በፖፕ ኮምፒውተሩ መልእክቱን ያወርድና ሰርቨሩ ላይ ያለውን ያጠፋል፣ አታጥፋ ካልተባለ በቀር። በአይማፕ መልእክቱ ሰርቨሩ ላይ ይቆያል። ስልኩም ኮምፒውተሩም ያንኑ አንዱን ሳጥን ነው የሚያዩት። አንዱ ላይ ያነበብሽው ሌላው ላይም እንደተነበበ ይታያል።

እናንተ ቢሮ ጠዋት አንድ ሰው ኮምፒውተሩን ሲከፍት ሰርቨሩ ላይ ያለው ሁሉ ወደዚያ ማሽን ይገባል። ስልክሽ የሚያየው ኮምፒውተሩ ሳይወስደው የቀደመውን ብቻ ነው። እሑድ ቢሮ ዝግ ሲሆን ስልክሽ ላይ ሁሉም ይታይሽ የለ? እሱን አስታውሺ።

ለዛሬ የሚሆነው ይሄ ነው። አውትሉክ ላይ የአካውንቱን ሴቲንግ ክፈቱ፣ የመልእክቱን ኮፒ ሰርቨር ላይ ተው የሚል ሳጥን አለ፣ ምልክት አድርጉበት። ከዛሬ በኋላ የሚገባው ለሁላችሁም ይታያል። ዋናው መፍትሔ ግን ኮምፒውተሩንም ወደ አይማፕ ማዛወር ነው። ያንኑ አካውንት በአይማፕ ጨምሩት፣ ፖፑን አታጥፉት። ከዚያ የድሮዎቹን መልእክቶች ከፖፑ ፎልደር እየጎተታችሁ አይማፑ ውስጥ ክተቱ። ወደ ሰርቨሩ ይወጣሉ፣ ስልክሽም ላይ ይመጣሉ። ከዚያ በፊት ሰርቨሩ ላይ ስንት ጊጋ እንደተሰጣችሁ ጠይቁ፣ ካልበቃ መሃል ላይ ይቆማል። ከሁሉም በፊት ደግሞ የአውትሉኩን ፋይል በፍላሽ ገልብጡ። የድርጅታችሁ የዓመታት ደብዳቤ አሁን ያለው አንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ያ ዲስክ አንድ ቀን ቢሞትስ?

የቀፊራዋ · 9፡48

ወይኔ፣ እሑድ ያልከው ልክ ነው! እሑድ ቤት ሆኜ ሁሉንም አያለሁ፣ ሰኞ ጠዋት ይጠፋሉ። ሰው እያጠፋብኝ ነው ብዬ ቢሮ ውስጥ ተጨቃጭቄያለሁ። ሳጥኑ ላይ ምልክት አድርገናል። አለቃዬም ፍላሽ አምጥቶ እያስገለበጠ ነው። የመጨረሻ ጥያቄ። ከስልኬ የቢሮውን ኢሜይል መቀበል እችላለሁ፣ ልልክ ስል ግን መልእክቱ አውትቦክስ ላይ ይቀራል።

ሳቢያን ጥገና · 10፡05

መላኪያው ሌላ በር ነው። መቀበያው አይማፕ በፖርት 993 ይገባል። መላኪያው ኤስኤምቲፒ ይባላል። አውትጎይንግ ሰርቨር የሚለው ላይ ፖርቱ 25 ከሆነ ቀይሪው። በስፓም ምክንያት 25ን ብዙ ኔትወርክ ይዘጋዋል። 587 በስታርትቲኤልኤስ፣ ካልሆነ 465 በኤስኤስኤል አድርጊው። መግቢያ ይጠይቃል የሚለውም መከፈት አለበት፣ ዩዘርኔሙ ሙሉው የኢሜይል አድራሻ ነው፣ ከአት ምልክቱ በፊት ያለው ብቻ አይደለም። የተንጠለጠለው መልእክት ላይ ትልቅ ፋይል ካለም እዪው። ጂሜይል ከ25 ሜጋ በላይ አያስልክም፣ ስካን የተደረገ ሰነድ ደግሞ ሳይታወቅ ይከብዳል።

የቀፊራዋ · 10፡20

25 ነበር። 587 አድርጌ ሄደልኝ። አላህ ይስጣችሁ፣ ዕድሜ ይስጣችሁ።

ሸዋ በር · 11፡30

እዚሁ ልጠይቅ። ሐረር ነው ያለሁት፣ ኢንፊኒክስ ነው ስልኬ። ጂሜይል ይሠራል፣ ግን መልእክት የሚገባው አፑን ስከፍተው ብቻ ነው። ኖቲፊኬሽን የለም። ከፍቼ ወደ ታች ስስበው በአንዴ ይዘንባል።

ሳቢያን ጥገና · 11፡44

ይሄ በቴክኖና በኢንፊኒክስ ላይ የተለመደ ነው። ባትሪ ለመቆጠብ ከጀርባ ያለውን አፕ ይገድሉታል። ሴቲንግ፣ አፕስ፣ ጂሜይል፣ ባትሪ ግባና አንሪስትሪክትድ የሚለውን ምረጥ። ስልኩ ላይ ያለው የማጽጃ አፕም ጂሜይልን እንዳይዘጋው አስወጣው። ዳታ ሴቨር ከፍተህ ከሆነ ጂሜይልን ከዚያ ነጻ አድርገው። ከዚያ አፑ ውስጥ ሴቲንግ፣ አካውንትህን ንካ፣ ሲንክ ጂሜይል የሚለው ላይ ምልክት መኖሩን እይ። እሱ ከጠፋ ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም።

በዚያው እያለህ ስንት ቀን ይቀመጥ የሚለውን አስተካክል። ብዙ ጊዜ 30 ቀን ላይ ነው። ድሬና ሐረር የምትመላለስ ከሆነ ከፍ አድርገው፤ ደንገጎ ላይ ኔትወርክ ሲቆራረጥ የቆየ መልእክት ብትፈልግ ስልኩ ውስጥ ያለው ብቻ ነው የሚከፈትልህ።

ነምበር ዋን · 11፡58

አይፎን ላይስ? የሚስቴም ልክ እንደዚህ ነው የሚያደርገው።

የጁገል ልጅ · ምሽት 12፡10

የአይፎኑን የራሱን ሜይል አፕ ከሆነ የምትጠቀመው፣ ጂሜይል እዚያ ላይ ፑሽ (መልእክቱን እንደገባ ወዲያው ማድረስ) የለውም፣ በየተወሰነ ጊዜ እየሄደ ያመጣል። ፌች ኒው ዳታ የሚለው ውስጥ አውቶማቲካሊ ላይ ከሆነ የሚያመጣው ስልኩ ቻርጅ ላይ ሆኖ ዋይፋይ ሲኖር ብቻ ነው። በየ15 ደቂቃው አድርገው። ወዲያው ወዲያው ከፈለገች የጂሜይልን አፕ ታውርድ።

ሐሮማያ ተማሪ · ምሽት 1፡25

እኔ ደግሞ ስኮላርሺፕ አመልክቼ መልስ እየጠበቅኩ ነው። ትናንት ደውለው "ኢሜይልህ ተመለሰብን" አሉኝ። ስልኬ ላይ ምንም ችግር አይታይም፣ ዝም ብሏል። በጣም ጨንቆኛል።

የጁገል ልጅ · ምሽት 1፡33

ሞልቷል ወንድሜ። ጂሜይል፣ ድራይቭና ፎቶስ አንድ ላይ 15 ጊጋ ነው ነጻው። ሲሞላ የሚላክልህ ሁሉ ወደ ላኪው ይመለሳል፣ አንተም መላክ አትችልም። ከ2024 ጀምሮ አንድሮይድ ላይ የዋትሳፕ ባክአፕም ከዚሁ ላይ ይቆጠራል፣ ብዙ ሰው ያልጠበቀው እሱን ነው። ባክአፑ ውስጥ ቪዲዮ አትጨምር የሚለውን አድርግ። የጉግል ስቶሬጅ ገጽ ላይ ከባድ ከባዱን ለይቶ ያሳይሃል። ካጠፋህ በኋላ ትራሹንም ባዶ አድርገው፣ አለዚያ 30 ቀን እዚያው ቁጭ ብሎ ቦታ ይይዛል።

ቦታ ሲገኝ የተመለሰው በራሱ አይመጣም። ዛሬ ማታውኑ አጽዳና ነገ ጠዋት ደውለህ እንደገና እንዲልኩልህ ጠይቃቸው። ሰዎቹ መደወላቸው ራሱ ጥሩ ምልክት ነው፣ አይዞህ።

ሐሮማያ ተማሪ · ምሽት 2፡50

14.9 ላይ ነበር! አብዛኛው የዋትሳፕ ቪዲዮ ነው። አጸዳሁት፣ ከራሴ ሌላ አካውንት ልኬ ሞከርኩ፣ ገባ። ነገ እደውላለሁ።

ታይዋን ሱቅ · ረቡዕ ጠዋት 2፡40

ክሩን ሙሉውን አነበብኩት። የኔ ሆትሜይል ነው፣ የቆየ ሳምሰንግ ላይ ከስልኩ ጋር የመጣው የኢሜይል አፕ። ቀኑ ልክ ነው፣ ቦታ አለ። ፓስወርዱ ብሮውዘር ላይ ይሠራል፣ አፑ ላይ ግን ተሳስተሃል ይለኛል። ከዱባይ የማስመጣው ዕቃ ሁሉ በዚያ አድራሻ ነው።

ሳቢያን ጥገና · ረቡዕ ጠዋት 3፡05

ፓስወርድህ ልክ ነው፣ አትቀይረው። የሆትሜይል ባለቤት ማይክሮሶፍት ከመስከረም 16፣ 2024 በፈረንጅ ጀምሮ ለግል አካውንቶች ፓስወርድ ብቻ የሚልክ አፕ አይቀበልም። ጉግልም በግንቦት 30፣ 2022 በፈረንጅ ይህንኑ አድርጓል። አሁን አፑ የማይክሮሶፍትን የራሱን የመግቢያ ገጽ መክፈት አለበት፣ ያንተው የቆየ አፕ ደግሞ ይህን አያውቅም። አውትሉክን አውርድ። ለስልክህ ከከበደ ጂሜይል አፕ ራሱ የሆትሜይል አካውንት ይቀበላል። አካውንት ጨምር በል፣ አውትሉክ ሆትሜይል የሚለውን ምረጥ፣ ገጹ ሲከፈት ፓስወርድህን እዚያ ጻፍ።

ጂሜይልን በቆየ አፕ መጠቀም ግድ የሆነበት ሰው ካለ፣ በሁለት ደረጃ መግቢያውን ከፍቶ 16 ፊደል ያለው አፕ ፓስወርድ ማውጣት ይችላል። በዋናው ፓስወርድ ቦታ የሚገባው እሱ ነው።

ታይዋን ሱቅ · ረቡዕ ጠዋት 3፡30

በጂሜይል አፕ ገባልኝ፣ የቆየውም ሁሉ መጣ። የድሮው አፕ ላይ ያለውን ምን ላድርገው? እየደጋገመ ፓስወርድ ይጠይቀኛል።

ሳቢያን ጥገና · ረቡዕ ጠዋት 3፡34

ድራፍትና አውትቦክሱን እይ። ያልተላከ ነገር ካለ ገልብጠህ አውጣው። ከዚያ ከድሮው አፕ አካውንቱን አስወግደው። እዚያ ከቀረ ከጀርባ ሆኖ በየጊዜው ለመግባት ይሞክራል፣ ማይክሮሶፍት ደግሞ ያልተሳካ ሙከራ ሲበዛበት አካውንቱን ለጊዜው ሊቆልፍብህ ይችላል።